ዘርና ፊርማ

ባለፈው ወር አንድ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ በመኝታ ክፍላችን ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ነገሩን የጀመረው ወሬ የማያጣው ጓደኛችን ነው። «ዘረ መሉ የተለወጠ እህል የበላ ሰው ልጅ አይወልድም፤ ይህን የሚልኩልን ሊያመክኑን ነው» አለና አልጋው ላይ ተነሥቶ ተቀመጠ። የሥነ ሕይወት ተማሪ የሆነው ሌላው ጓደኛችን ከት ብሎ ሳቀበትና፣ «ባላነበብኸው ነገር ዳኛ አትሁን» አለው። አንዱ «መርዝ ነው» ሌላው «መድኃኒት ነው» እየተባባሉ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ቆዩ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ የገበሬ ልጅ ነህ፤ ምነው ዛሬ ዝም አልህ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «እንቅልፌ መጥቷል» ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርሁ።

እንቅልፌ ግን አልመጣም ነበር። ዝም ያልሁት ስለ ዘር የምናገረው ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ በዘር ነገር የሠራሁት ሥራ ስላሳፈረኝ ነው። በዚያ ሌሊት ለጓደኞቼ ያልነገርኋቸውን ዛሬ በዚህ መጽሔት ለሁላችሁም እነግራችኋለሁ። ፊት ለፊት ከመናገር መጻፍ ይቀላልና።

እኔ የተወለድሁት በምዕራብ ጎጃም፣ በቆሎና ጤፍ በሚያበቅል ቀበሌ ነው። በመከር ጊዜ እናቴ ከበቆሎው ክምር ፊት ተቀምጣ ዘር ትመርጣለች። ራሱ የሞላውን፣ ረድፉ የተስተካከለውን፣ ነቀዝ ያልነካውን እየለየች፣ ሽፋኑን ወደ ኋላ ገልብጣ ሁለት ሁለቱን ታስራለች። አባቴ ከእጇ እየተቀበለ ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚደርስበት ማገር ላይ ያንጠለጥለዋል። ጭሱ ነቀዙን ይከለክላል። በቆሎው ከጊዜ ብዛት ጠቍሮ ጥላሸት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ደኅና ነው።

ያንን በቆሎ ማንም አይነካውም። ሚያዝያ ላይ ጎታው ሲራቆት እንኳ ቀና ብለን እናየዋለን እንጂ አናወርደውም። ሕፃን ሳለሁ አንድ ቀን ርቦኝ «ከዚያ ላይ አንዱን ጥበሽልኝ» ብዬ ባለቅስባት እናቴ፣ «እሱ የእኛ አይደለም ልጄ፤ የከርሞ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ከርሞ የሚባል ሌላ ጎረቤት ያለን መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አደግሁ፤ ተማርሁ፤ ዩኒቨርሲቲም ገባሁ። የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሳለሁ ለፋሲካ ወደ አገሬ ወረድሁ። በዚያ ሰሞን በትምህርት ቤት ስለ ምርትና ስለ ወጪ ብዙ ተምሬ ስለ ነበር ራሴን እንደ ትልቅ ሊቅ እቆጥር ነበር። የልማት ሠራተኛው ደግሞ ምርጥ ዘር እንዲዘራ አባቴን ሲመክረው ከርሟል። አባቴ እያመነታ «እስቲ በአንዱ ጥማድ ልሞክረው» ሲል፣ እኔ እርሳስና ወረቀት አወጣሁ። የሦስት ጥማዷን መሬት ምርት በአገሩ ዘርና በምርጡ ዘር አነጻጽሬ፣ የዘሩንና የማዳበሪያውን ዋጋ ቀንሼ፣ ትርፉን በቁጥር አሳየሁት። «በሦስቱም ጥማድ መዝራት ነው» አልሁት። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ነገር ግን ልጁ የጻፈውን ቁጥር አመነ።

እናቴ ግን ወደ ማገሩ እያየች፣ «ይህስ?» አለች።

«ምን ያደርጋል? ከእንግዲህ በየዓመቱ ከማኅበሩ መግዛት ነው» አልኋት።

«አንድ ማሰሪያ እንኳ ይቅር።»

«እማዬ፣ ሳይንስ በማሰሪያ አይሄድም» ብዬ መለስሁላት። ይህን ቃል ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴን ላብ ላብ ይለኛል። በቆሎውን አውርደን በበዓሉ ሰሞን ንፍሮ አድርገን በላነው። ጭስ ጭስ ይል ነበር።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ዓመት ሰብል ቁጥሬን አላሳፈረውም። ከዚያች መሬት በደኅና ዓመት 18 ኩንታል ቢገኝ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን 34 ኩንታል ገባ። ስለዚህ ምርጥ ዘርን የሚነቅፍ ሰው ይህንንም ጨምሮ ይናገር። አባቴ ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፤ እኔም ጫማ ተገዛልኝ። ጎረቤት ሁሉ «ማስተማር እንዲህ ነው» ይል ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ግን ዘሩ በጊዜው አልደረሰም። ዝናቡ ገብቶ፣ መሬቱ ታርሶ፣ አባቴ በየሳምንቱ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ይመላለሳል፤ በየሳምንቱም «መንገድ ላይ ነው» ይሉታል። በመጨረሻ ሲመጣ ዋጋው ጨምሯል፤ ለሁሉም አልበቃም። አባቴ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቤታችን የአገር ዘር አልነበረም፤ በልተነዋልና። እንግዲህ የነበረው ምርጫ ካለፈው ዓመት ምርት ላይ ቆንጥሮ መዝራት ብቻ ነበር። ዘራው።

ዲቃላ ዘር ደግሞ እንዲህ ያለ ጠባይ አለው። ሁለት የተለያዩ ወላጆች ተዳቅለው የሚሰጡት የመጀመሪያው ትውልድ ብርቱና አንድ ዓይነት ነው፤ የእርሱን ፍሬ መልሰው ሲዘሩት ግን የወላጆቹ ጠባይ ይበታተናል፤ ምርቱም ይቀንሳል። ይህን የትኛውም የግብርና ተማሪ ሊነግረኝ ይችል ነበር፤ እኔ ግን አልጠየቅሁም። ማሳው ላይ አንዱ ከሰው ራስ በላይ ረዘመ፤ አንዱ ከጉልበት በታች ቀረ፤ ብዙው ራስ ሳይዝ ደረቀ። የገባው 11 ኩንታል ነው። ለማዳበሪያው ዕዳ ጊደሯ ተሸጠች።

አባቴ አልተቈጣኝም። አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ «ምርጥ ዘር ምርጥ ነው ልጄ፤ ግን የሰው ነው።»

ይህች ቃል በየትኛውም የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ካነበብሁት የበለጠ አሳሰበችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ክርክርም ዋናውን ጥያቄ የሳተ መስሎ የታየኝ በዚህ ምክንያት ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንለይ። አባቴ የዘራው ዲቃላ ነው እንጂ ዘረ መሉ በቤተ ሙከራ የተለወጠ አይደለም። ዲቃላ በቆሎን ከበቆሎ አዳቅሎ የሚገኝ ነው። ልውጡ ዘር ግን ከሌላ ፍጡር፣ ለምሳሌ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ፣ አንድ ዘረ መል ተወስዶ የሚጨመርበት ነው። በዚህ መንገድ ተክሉ ትሉን የሚገድል ነገር ራሱ ያበጃል፤ ወይም የአረም መርዝ ሲረጭበት አረሙ ሞቶ እርሱ ይተርፋል። የመጀመሪያው ልውጥ ምግብ፣ ቶሎ የማይበሰብስ ቲማቲም፣ በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው በ1994 ነው። የአረም መርዝ የሚችለው አኩሪ አተር በ1996 ተከተለ።

ይህን እህል የበላ ይመክናልን? የአሜሪካ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች ብዙ መቶ ጥናቶችን መርምረው በ2016 ባወጡት ሪፖርት፣ በገበያ ላይ ያሉት ልውጥ እህሎች ከተራው እህል ይልቅ ጤናን እንደሚጎዱ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። ይህ ማለት ነገ የሚፈጠረው ሁሉ ሳይመረመር ይበላ ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ አዲስ ዘር በየራሱ መመርመር አለበት። በእርሻው ላይ ደግሞ የታየ ችግር አለ። አንድ ዓይነት የአረም መርዝ ያለ ማቋረጥ በተረጨበት አገር መርዙን የለመዱ አረሞች በቅለዋል፤ በሕንድ አገርም የጥጥ ትል ልውጡን ጥጥ ተላምዶታል። እንግዲህ የሥነ ሕይወት ተማሪው ጓደኛችን በምግቡ ነገር ከሞላ ጎደል እውነት ነበረው። ነገር ግን ክርክሩን በዚህ አሸንፎ ሲተኛ፣ ትልቁ ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ። ጥያቄውም፦ ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት የሚችለው ማን ነው? የሚል ነው።

ፓተንት ማለት አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲፈጥር፣ እስከ 20 ዓመት ያህል ያለ እርሱ ፈቃድ ማንም እንዳይሠራውና እንዳይሸጠው የሚሰጠው መብት ነው። ለመኪናና ለራዲዮ ይህ ያስማማል። ሕይወት ያለው ነገር ግን ለብዙ ዘመን ከዚህ ውጭ ነበር። አሜሪካ በ1930 በዘር ሳይሆን በቅርንጫፍና በመሳሰለው ለሚራቡ ተክሎች ፓተንት ፈቀደች። በ1980 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ቻክራባርቲ የተባለ ሊቅ ለለወጠው ባክቴሪያ ፓተንት ይገባዋል ሲል በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደ። በዚያ በር ዘር ሁሉ ተከትሎ ገባ።

ዘር ግን እንደ መኪና አይደለም። መኪና መኪና አይወልድም፤ ዘር ግን ዘር ይወልዳል። በኢንዲያና ቦውማን የተባለ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በዓመቱ መጨረሻ ለሚዘራው ሰብል ከእህል ነጋዴ መጋዘን ተራ አኩሪ አተር ገዝቶ ይዘራ ነበር። በአካባቢው የሚመረተው አብዛኛው አኩሪ አተር ልውጥ ስለ ነበር፣ መርዝ ቢረጭበት አልሞተም፤ እርሱም ከዚያ ዘር እያስቀረ መልሶ ዘራ። ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ ከሰሰው። ገበሬው «ባቄላው ራሱ በቀለ እንጂ እኔ ምን ሠራሁ?» ብሎ ተከራከረ። በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ፈረደበት፤ መዝራትህ መቅዳት ነው ተባለ። ካሣው 84,456 ዶላር ነበር። ፍርዱን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። በዚያ ሕግ ቢዳኝ፣ በየዓመቱ ከምድጃዋ በላይ የምታንጠለጥለው ሁሉ ቅጂ ነው።

ከዚህ የባሰም ታስቦ ነበር። በ1998 የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ከአንድ የጥጥ ዘር ኩባንያ ጋር ሆኖ፣ ፍሬው ቢዘራ የማይበቅል ዘር የሚሠራበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ዓለም ጮኸ፤ በ2000 የተባበሩት መንግሥታት የብዝኃ ሕይወት ስምምነት አባል አገሮች ዘዴው በመስክ እንዳይሞከር አሳሰቡ፤ ለገበያም አልዋለም። የመከነው ገበሬው ሳይሆን ዘሩ ሊሆን ነበር። ወሬኛው ጓደኛችን መምከን የሚለውን ቃል ከየት እንደ ሰማው እንጃ፤ ምናልባት ከዚህ ወሬ የተጣመመ ይሆናል።

«ይህ የአሜሪካ ጣጣ ነው፤ እኛን ምን ያገባናል?» የሚል አንባቢ ቢኖር የጤፍን ታሪክ ላውጋው።

በ1927 ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅ ወደ አገራችን መጥቶ በበቅሎ እየተጓዘ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ሌላም ዘር ሰብስቧል። ኢትዮጵያንም የዓለም ሰብሎች ከተገኙባቸው ማዕከሎች እንደ አንዷ ቆጠራት። በካሊፎርኒያ የገብስን ማሳ የሚያጠፋ፣ ቅጠሉን የሚያቢጭ የቫይረስ በሽታ በተነሣ ጊዜ፣ የሚቋቋመው ዘረ መል የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። በዚያ ዘመን ዘር የሰው ልጅ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው ይባል ነበር። መስጠቱ ክፉ አልነበረም፤ ክፉው፣ የጋራ ተብሎ የወጣው የግል ተብሎ ሲመለስ ነው። በ1992 የብዝኃ ሕይወት ስምምነት እያንዳንዱ አገር በገዛ ሀብቱ ላይ ጌታ ነው ብሎ ደነገገ።

ይህ ከተደነገገ በኋላ ነው የጤፍ ነገር የመጣው። በ2003 አንድ የሆላንድ ኩባንያ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ2005 ይኸው ኩባንያ ከሁለት የኢትዮጵያ መንግሥት ተቋሞች ጋር ውል ተፈራረመ፤ እርሱ ጤፉን ሊጠቀም፣ ኢትዮጵያ ከትርፉ ድርሻ ልታገኝ። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት መሥሪያ ቤት ፓተንቱን ሰጠው። የፈጠራው ዋና ነገር ምን እንደ ነበር ታውቃላችሁን? ጤፉን እንደ ታጨደ ወዲያው ሳይሆን ሳምንታት አሳድሮ መፍጨት ነው! ይህን ለእናቴ ስነግራት ሥራዋን ሳታቋርጥ፣ «አዲስ ጤፍማ ምን እንጀራ ይወጣዋል?» አለችኝ። እናቴ ለዚህ ዕውቀቷ ማመልከቻ አላስገባችም።

በ2009 ኩባንያው ከሰርሁ ብሎ ተዘጋ። ውሉ ከእርሱ ጋር ሞተ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ ተላልፎ ስለ ነበር አልሞተም። ኢትዮጵያ በጥቅሉ ያገኘችው ገንዘብ 4 ሺህ ዩሮ ያህል ነው። ፓተንቱ በሆላንድ የፈረሰው በ2018 ነው፤ ያም ቢሆን እኛ ተሟግተን አይደለም። የፓተንቱ ባለቤት ሌላ የሆላንድ ኩባንያን ጤፍ ሸጥህብኝ ብሎ ቢከሰው፣ የሄግ ፍርድ ቤት ነገሩን መርምሮ «ይህ አዲስ ፈጠራ የሚባል አይደለም» አለ። ሁለት የውጭ ሰዎች በእኛ ጤፍ ሲካሰሱ እውነቱ ወጣ።

ይህን የጻፍሁት በውሉ ላይ የፈረሙትን ሰዎች ለመውቀስ እንዳይመስላችሁ። ሰዎቹ የተማሩ ናቸው፤ አገራቸውንም ሊጠቅሙ አስበው እንደ ፈረሙ አልጠራጠርም። ጤፍ በውጭ አገር ገበያ ሲያገኝ የሚያሳይ ቁጥር ፊታቸው ነበር። እኔም ከእናቴ ማገር በታች ቆሜ የያዝሁት እንዲሁ ያለ ቁጥር ነው። ቁጥሬ ትክክል ነበር፤ 34 ኩንታል ገብቷል። ያልጠየቅሁት ግን ከቁጥሩ በኋላ የሚመጣውን ነው፦ ሻጩ ቢዘገይስ? ዋጋው ቢንርስ? ኩባንያው ቢከስርስ? በዚያ ጊዜ በቤት ውስጥ ምን ተርፎ ይገኛል? እነርሱ በአገር ደረጃ የዘነጉትን እኔ በአንድ ቤት ውስጥ ዘነጋሁት። እነርሱ በቀለም ፈረሙ፤ እኔ በንፍሮ።

ይህን ጥያቄ የጠየቁ የተማሩ ሰዎች ደግሞ ነበሩን። ዶክተር መላኩ ወረደ በ1976 የተቋቋመውን የዘር ባንክ ለብዙ ዓመት መርተዋል። ዘርን በቀዝቃዛ ክፍል ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ገበሬው በማሳው ላይ እያሻሻለ እንዲጠብቀው ማድረግ ይገባል ብለው ስለ ሠሩ፣ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በ2023 ያረፉት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ልውጥ ሕያዋን ከአገር ወደ አገር ሲተላለፉ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ዐውቆ እንዲፈቅድ ወይም እንዲከለክል መብት የሚሰጠው የካርታሄና ፕሮቶኮል በ2000 ሲጸድቅ፣ የአፍሪካን አገሮች ወክለው የተከራከሩ ሰው ናቸው። እኚህ ሁለቱም ሳይንስን የጠሉ አልነበሩም፤ የተማሩት ሳይንስ ነው።

በሕግም በኩል ባዶ እጃችንን አይደለንም። ውሉ ከተፈረመ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ሁለት አዋጆች ወጡ። አንዱ የአገሪቱን የዘር ሀብት የሚወስድ ሰው እንዴት እንደሚፈቀድለትና የኅብረተሰቡ ድርሻ ምን እንደሆነ የሚወስን ሲሆን፣ ሁለተኛው አዲስ ዘር ላገኘ አዳቃይ መብት እየሰጠ፣ ገበሬው ዘር የማስቀረትና የመለዋወጥ መብቱን የሚጠብቅለት ነው። ይህም በ2017 በሌላ አዋጅ ተተክቷል። በልውጥ ሕያዋን በኩል ደግሞ በ2009 ጥብቅ አዋጅ ወጣ፤ በ2015 ላላ፤ በ2018 ልውጥ ጥጥ ተፈቀደ፤ በቆሎም በዝግ መስክ ተሞክሯል። እንግዲህ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ጥጥ አይበላም ብለን ብንጽናና፣ በቆሎው ከእናቴ ደጅ ይደርሳል።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ እንዳለ ዐውቃለሁ። «ያለ ባለቤትነት መብት ማን ገንዘቡን ያፈሳል? ማንስ ዓመታት ይደክማል?» ይባላል። እውነት ነው፤ ዘር አዳቃይም እንጀራ ይበላል፤ ዋጋውን ማግኘት አለበት። ነገር ግን አዳቃዩን መክፈል ሌላ፣ ገበሬውን ዘር እንዳያስቀር መከልከል ሌላ ነው። ሁለቱ ሊለያዩ እንደሚችሉ ማስረጃ አለ። ቫይታሚን ኤ የሚሰጠው «ወርቃማ ሩዝ» በብዙ ፓተንት የታጠረ ነበር፤ ይሁን እንጂ ባለቤቶቹ በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በታች የሚያገኝ የድኻ አገር ገበሬ ያለ ክፍያ እንዲዘራውና ዘሩንም እንዲያስቀር ተስማሙ። ስለዚህ ነገሩ የሳይንስ ግዴታ አይደለም፤ የውል ነገር ነው። ውል ደግሞ የሚያነብና የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።

ተማሪ ጓደኞቼ ሆይ፣ ያ ሰው ማን ነው? ከጥቂት ዓመት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ብዕር የምንጨብጠው እኛ ነን። የሕግ ተማሪው ውሉን ያረቅቃል፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪው ትርፉን ያሰላል፤ የሥነ ሕይወት ተማሪው «አይጎዳም» ብሎ ይመሰክራል። እያንዳንዳችን በየክፍላችን ትክክል ሆነን፣ አንድ ላይ ልንሳሳት እንችላለን። ያን ጊዜ ከእናቴ ጥያቄ ሌላ የሚያድነን የለም፦ «ይህስ? አንድ ማሰሪያ እንኳ ይቅር።»

ታሪኬን ልጨርስ። ያ ክፉ ዓመት ካለፈ በኋላ አባቴ የአገሩን ዘር ፍለጋ ወጣ። በመንደራችን ብዙው ሰው እንደ እኛ በልቶት ነበር። በመጨረሻ ያገኘው ከአንዲት ጎረቤታችን መነኵሲት፣ እማሆይ ብለን ከምንጠራቸው ነው። የእርሳቸው መሬት ጥቂት ስለሆነ ምርጥ ዘር ውሰጂ ብሎ የመከራቸው አልነበረም። አባቴ ደጃቸው ቆሞ፣ «እማሆይ፣ ዘር ለመለመን መጣሁ፤ ዋጋውን ይንገሩኝ» ቢላቸው፣ «ዘር ይሸጣል እንዴ? በቁና እሰጥሃለሁ፤ እግዚአብሔር ሲያበቃህ በዚያው ቁና ትመልስልኛለህ» አሉት። ወረቀት አልተጻፈም፤ ምስክር አልቆመም። በዓመቱ አባቴ ቁናውን ሞልቶ፣ ከላዩም ጭብጥ ጨምሮ መለሰላቸው። ካነበብኋቸው ውሎች ሁሉ በሙሉ ሲፈጸም ያየሁት ይህን አንዱን ነው።

ዘንድሮ ለገና ወደ አገሬ ሄጄ ነበር። አባቴ በሁለቱ ጥማድ ምርጥ ዘር ዘርቷል፤ በአንዱ የአገሩን። ይህም መጀመሪያ ራሱ ያሰበውና እኔ በእርሳስ ያስተውሁት ሐሳብ ነው። ከምድጃው በላይ ያለው ማገር እንደ ገና ሞልቷል። እናቴ ወደ ላይ ሳይ አየችኝና፣ «እንዳታስወርደኝ ደግሞ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ነገር ግን ሳቄ እንደ እርሷ አልነበረም።

እንግዲህ በዚያ ማታ ዝም ያልሁበት ምክንያት ይህ ነው። ክርክሩ እንደ ገና ሲነሣ ዝም አልልም። ስለ መርዝና ስለ መምከን ከመነጋገራችን በፊት ዘሩን ማን ያስቀራል የሚለውን እናንሣ እላለሁ። በዚህ የማይስማማ ቢኖር ይምጣ፤ የመኝታ ክፍሌን ታውቁታላችሁ፤ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንከራከር።